ያልተናጠ ዕጣ

ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ኮፍያ ወይም ሳህን ውስጥ ይጣላል። ዳኛው ይንጠዋል። አንዱ ከጥግ «ኧረ በደንብ ይናጥ!» ይላል። ዳኛው ቅር ይለዋል፤ ግን ደግሞ ይንጠዋል። በመጨረሻ ምንም የማያውቅ ሕፃን ተጠርቶ እጁን ይከታል። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ዙር ብር ነው። ያውም ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ማታ የወጣ ዕጣ ግን ብር አልነበረበትም። የሚደርሰው ውትድርና ነበር፤ ከውትድርናው ጀርባ ደግሞ የቬትናም ጦርነት። እና በደንብ የናጠው ሰው አልነበረም።

ቀኑ ሰኞ፣ ዲሴምበር 1፣ 1969 ነው። በኛ ኅዳር 22፣ 1962 ዓ.ም.። ከዚህ በኋላ ዘመኑንም ወራቱንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ጉዳዩ ራሱ የልደት ቀን ጉዳይ ስለሆነ።

ከዚያ ማታ በፊት ማን እንደሚዘምት የሚወስነው የሰፈር ሰው ነበር። ሴሌክቲቭ ሰርቪስ የሚባለው የምልመላ መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ ወደ 4,000 የሚሆኑ የአካባቢ ቦርዶች ነበሩት። አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይመዘገብና ካርድ ይሰጠዋል፤ ምድብም ይወጣለታል። 1ኤ ከሆነ ዝግጁ ነው፣ ይጠራል። 2ኤስ ከሆነ ተማሪ ነው፣ ይቆይ። 4ኤፍ ከሆነ ለውትድርና አይሆንም። ካርዱን ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ መያዝ ግዴታ ነበር። ወጣቶች በአደባባይ ማቃጠል ሲጀምሩ ኮንግረስ በ1965 ማቃጠሉን ወንጀል አደረገው።

የዚህን አሠራር ችግር ለኛ አገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ቀበሌ ማለት ይበቃል። የሚወስንብህ ሰው አባትህን ያውቃል፣ የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ያውቃል፣ ጸጉርህን ማስረዘምህንም ያውቃል። በ1966 በተደረገ ቆጠራ ከቦርድ አባላቱ መካከል ጥቁሮች ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ጥቁር ወጣቶች ግን በገፍ ይጠሩ ነበር።

በዚያ ላይ ኮሌጅ የገባ ይቆያል፤ ያልገባ ይሄዳል። ጥሩ ሐኪም የሚያውቅ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሐኪም የማያውቅ ጤነኛ ነው። በ1966 ብቻ 382,010 ሰው ተጠርቶ ገብቷል። ቅድሚያ የሚጠራው ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ ከ19 ዓመቱ እስከ 26 ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ ፖስታ ሳጥኑን በፍርሃት ይከፍታል። ላግባ ወይስ ልጠብቅ፣ ሥራ ልያዝ ወይስ ልቆይ እያለ።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይሄን እለውጣለሁ ብሎ ነበር። አዲሱን ሕግ የፈረመው በኖቬምበር 26፣ 1969 ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። ሽማግሌ አይምረጥ፣ ዕጣ ይምረጥ። ሰውዬው ለመጠራት የሚጋለጠው አንድ ዓመት ብቻ ይሁን። ዓመቱ ካለፈ ይገላገል። ችግሩ ሕጉ ከተፈረመ በኋላ ዕጣው እስኪወጣ የነበረው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

እና ሰኞ ማታ ሆነ። ዋሽንግተን በሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ዋና ቢሮ ካሜራ ተተከለ። ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መደበኛ ፕሮግራሙን አቋርጦ በቀጥታ አስተላለፈ። ቀረጻው ዛሬም ይገኛል። ጥልቅ የመስታወት ማሰሮ ይታያል። ውስጡ የመድኃኒት እንክብል የሚመስሉ፣ ግን ተለቅ ያሉ፣ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ቅርፊቶች አሉ። በእያንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀን። ፌብሩዋሪ 29 ሳይቀር።

የኒውዮርኩ የኮንግረስ አባል አሌክሳንደር ፐርኒ ቀድመው እጃቸውን ከተቱ። ሴፕቴምበር 14 ወጣ። ይሄ ቁጥር 1 ሆነ። በ1944 እና በ1950 መካከል በማንኛውም ዓመት ሴፕቴምበር 14 የተወለደ ወንድ በሙሉ የመጀመሪያው ተጠሪ ሆነ ማለት ነው። ቀሪውን ያወጡት ወጣቶች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ የወጣቶች አማካሪዎች ተብለው ነው የመጡት። ዕጣውን ወጣቶቹ ራሳቸው አወጡት እንዲባል ይመስለኛል። ኤፕሪል 24 ሁለተኛ፣ ዲሴምበር 30 ሦስተኛ፣ የፍቅረኞች ቀን ፌብሩዋሪ 14 አራተኛ። ወረቀቱ ይፈታል፣ ይነበባል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እንደገና እጅ ይገባል። ጁን 8 መጨረሻ ወጣ፤ 366።

ከዚያ ሁለተኛ ዕጣ ነበረ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው። 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላትም ወጡ። በአንድ ቦርድ ሥር በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች ካሉ ማን ይቅደም ለሚለው፣ በመጨረሻ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ለመለየት። ጄ አንደኛ፣ ቪ መጨረሻ።

አስቡት እንግዲህ። ኮሌጅ ማደሪያ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ሠላሳ ልጅ ተሰብስቧል። ቀናቸው ሲጠራ አንዳንዶቹ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ይወጣሉ። የዚያ ዘመን ሰዎች ደጋግመው የሚያወሩት ይሄንን ነው፤ ስለ ጩኸት ሳይሆን ስለ ዝምታ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሁለት የማይተዋወቁ እኩዮች ሲገናኙ «ቁጥርህ ስንት ነበር?» ይባባሉ ነበር። ዛሬ ሰባውን ያለፈ አሜሪካዊ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ ላያውቅ ይችላል። የዕጣ ቁጥሩን ግን ይነግርሃል። ዘምቶም ከሆነ፣ ሳይዘምት ቀርቶም ከሆነ።

ለእንቁጣጣሽ ለሚወለድ፣ ማለትም ለሴፕቴምበር 11፣ የደረሰው ቁጥር 158 ነበር። ለመስቀል ልጅ 233። ለገና ልጅ፣ ለኛው ገና ማለቴ ነው፣ 306። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1970፣ ጥሪው የቆመው 195 ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ይጠራል፤ መስቀልና ገና ቤታቸው ይቀራሉ።

ዕጣው በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠንጠረዡን አተኩረው ያዩ ሰዎች አንድ ነገር ሸተታቸው። የዓመቱ መጨረሻ ወራት ቁጥር በጣም ያንስ ነበር። በትክክል የተናጠ ዕጣ ቢሆን የማንኛውም ወር አማካይ 183 ወይም 184 አካባቢ መውደቅ አለበት። የማርች አማካይ 225.8 ነው። የዲሴምበር 121.5።

አማካይ ለማይመቸው ሰው ሌላ መንገድ ልሞክር። ማርች 31 ቀን አለው፤ ዲሴምበርም 31። 195ን መስመር አድርጋችሁ ቁጠሩ። እኔ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ። ከማርች ቀናት የተጠሩት 10 ናቸው። ከዲሴምበር 26። በዲሴምበር የተረፉት አምስት ቀናት ብቻ ናቸው፤ 2፣ 12፣ 15፣ 17 እና 19። ዲሴምበር 17 የተወለደው 304 ደረሰው። በማግስቱ የተወለደው 128። ሁለት እናቶች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጎን ለጎን ምጥ ላይ ናቸው እንበል። አንዷ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ሌላዋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተገላገለች። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አንዱ ልጅ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ሌላው አይደርሰውም። ይሄ የዕጣ ጠባይ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በወሩ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ ሲባል፣ ታሪኩ ከጓዳ የወጣ ነው የሚመስለው። የጃንዋሪ ቅርፊቶች አንድ ሰፊ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገቡ። በካርቶን ወደ አንድ ጥግ ተገፉ። በተለቀቀው ቦታ የፌብሩዋሪ ቅርፊቶች ገቡ። በካርቶኑ ተገፍተው ከጃንዋሪ ጋር ተቀላቀሉ። ከዚያ ማርች ገባ፤ ተገፋ፣ ተቀላቀለ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ዲሴምበር። ልብ በሉ፤ ጃንዋሪ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚገፋ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀላቀለ። ዲሴምበር የገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተቀላቀለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በርበሬ ስታዋሕዱ ኮረሪማውን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጋችሁ አንዴ ብቻ ብታማስሉት ማለት ነው። ላዩ ላይ ይቀራል።

ሳጥኑ ተዘጋ። ጥቂት ጊዜ ተወዘወዘ። ደረጃ ወጣ፣ ደረጃ ወረደ። መሸከሙም ትንሽ ይቀላቅለዋል ተብሎ ነበር። በመጨረሻ በካሜራ ፊት ወደ መስታወቱ ማሰሮ ተገለበጠ። እዚያ ከገባ በኋላ ማንም እጁን ከቶ አላማሰለውም። የሚያወጡት ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከላይ ነበር የሚያነሱት። ሰው ነው፤ የቀረበውን ያነሳል።

ከክፋት የመጣ አይደለም። ዲሴምበር የተወለዱ ልጆችን የሚጠላ ባለሥልጣን አልነበረም። ለዚህም ይመስለኛል ነገሩ የሚያናድደው። የሚወቀስ ሰው ሲፈለግ የሚገኘው አንድ ካርቶን ነው። ለነገሩ ማስጠንቀቂያም ነበረ። በ1940 ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወጣው ዕጣ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ዓይናቸው ተሸፍኖ የመጀመሪያውን ቁጥር አወጡ፤ 158 ነበር። ያኔም ቅርፊቶቹ በደንብ እንዳልተቀላቀሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች ታዝበው ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ማን ያስታውሳል።

ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። ዕጣው ግን አልተሻረም። መሥሪያ ቤቱ ያረመው በቀጣዩ ዓመት ነው። በጁላይ 1970 በወጣው ዕጣ ሁለት ከበሮ ተዘጋጀ። አንዱ ውስጥ ቀኖች፣ ሌላው ውስጥ ቁጥሮች። ከአንዱ ቀን፣ ከሌላው ቁጥር እየወጣ ይጣመራል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አስቀድመው አዘበራረቁት። ሠራ። የ1969ኞቹ ግን በካርቶኑ እንደተገፉ ቀሩ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ዝቅተኛ ቁጥር የደረሰው ልጅ በማግስቱ ስሌት ጀመረ። ጠብቆ ቢጠራ ሁለት ዓመት ነው፤ ግን ምድቡን አይመርጥም፣ ብዙ ጊዜ እግረኛ ጦር ነው። ራሱ ሄዶ ቢፈርም ሦስት ዓመት ነው፤ ግን ሙያ ይመርጣል። አየር ኃይልና ባሕር ኃይል አራት ዓመት ነው፤ ግን ጫካ የለም። ናሽናል ጋርድ፣ የየክፍለ ግዛቱ ተጠባባቂ ጦር፣ ስድስት ዓመት ነው፤ ግን ከአጭር ሥልጠና በኋላ የሳምንት መጨረሻ ልምምድ ነው። ወረፋው ግን አይጣል ነበር።

ስለዚህ «በፈቃዱ ገባ» የሚባል ብዙ ሰው በፈቃዱ አልገባም። በ1964 እና በ1973 መካከል በጥሪ የገባው ወደ 1.8 ሚሊዮን ሲሆን በፊርማ የገባው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከፈረመው መካከል ቁጥሩን አይቶ የፈረመ ስንት እንደሆነ ልቡ ነው የሚያውቀው። የሠራዊቱ መለያ ቁጥር ግን እስከ 1969 አጋማሽ ድረስ ሰውን ይለይ ነበር። ፈርሞ የገባው የመደበኛው ጦር አርኤ ይባላል። ተጠርቶ የገባው ዩኤስ። ሁለቱ ፊደላት አንገት ላይ ከሚንጠለጠለው ቆርቆሮ ላይ ተቀርጸው ይኖራሉ። አለቃው አንዴ አይቶ ማን ወዶ፣ ማን ሳይወድ እንደመጣ ያውቃል።

የጥሪው ደብዳቤ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ቀልዴን አይደለም። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ለእገሌ፣ ሰላምታ። ቀጥሎ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ተገኝተህ ለውትድርና ግባ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ያቺ አንዲት ቃል በዚያ ትውልድ ዘንድ መራራ ቀልድ ሆና ቀረች።

ከዚያ ምርመራ። በውስጥ ሱሪ ወረፋ። ከዚያ ጸጉር። ከዚያ ስምህን ማንም የማይጠራበት ስምንት ሳምንት። ከዚያ ለብዙዎቹ ሉዊዚያና፣ ፎርት ፖልክ። ሙቀቱና ረግረጉ ቬትናምን ስለሚመስል እግረኛ ጦር እዚያ ይሠለጥን ነበር።

ቬትናም ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጀምራል። የአንድ ሰው ግዳጅ አንድ ዓመት ነው፤ ማሪን ከሆነ 13 ወር። ሁሉም የራሱን ቀን ይቆጥራል። የራስ ቁር ሽፋን ላይ ወራቱን ጽፎ እየሰረዘ የሚሄድ ነበር። ይሄ ለአእምሮ ጥሩ ይመስላል። ግን አንድ ጉድ ነበረው። ሰው የሚሄደው ከጓዶቹ ጋር ሳይሆን ብቻውን ነበር፤ የሚመለሰውም ብቻውን። ጓዶቹ ገና 90 ቀን፣ 200 ቀን ሲቀራቸው እሱ በተከራዩት የመንገደኛ አውሮፕላን፣ አስተናጋጅ መጠጥ እያቀረበችለት ይመለሳል። በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ከጫካ ወጥቶ እናቱ ማእድ ቤት ቁጭ። የሚያወራው ሰው የለም። የዚያ ጦርነት የቀድሞ ወታደሮች ትዝታ ለምን ዘግይቶ እንደወጣ ሲጠየቅ እኔ ከፖለቲካው ይልቅ ይሄን ነው የማስበው።

እርግጥ የ1969ኙ ዕጣ የያዛቸው ልጆች እድለኞች ናቸው የሚል ሰው አለ፤ ውሸት አይደለም። በኤፕሪል 1969 ቬትናም ውስጥ 543,000 የአሜሪካ ወታደር ነበረ። በ1970 መጨረሻ ወደ 335,000 ወርዷል። ጥሪውም ቀነሰ፤ በ1970 ወደ 163,000። በሁለተኛው ዕጣ ጥሪው 125 ላይ ቆመ፣ በሦስተኛው 95 ላይ። በ1973 የገቡት 646 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በቃ። ዋሽንግተን የምትኖሩ ጥቁሩን ግድግዳ፣ የቬትናም ሟቾችን መታሰቢያ፣ ታውቁታላችሁ። ስሞቹ በማዕረግ ወይም በፊደል ሳይሆን በሞቱበት ቀን ነው የተደረደሩት። ከ58,000 በላይ ናቸው። ግድግዳው አብረቅራቂ ስለሆነ ስም ስትፈልግ የራስህን ፊት ታያለህ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ስሞች እያየሁ በሄድኩ ቁጥር ስንቱ የዲሴምበር ልጅ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ድንጋዩ የልደት ቀን አይጽፍም።

ማሰሮው ውስጥ ስለነበሩ ሦስት ሰዎች ልናገር። ሦስቱም የተወለዱት በ1946 ክረምት በአሥር ሳምንት ውስጥ ነው። ጁን 14 ዶናልድ ትራምፕ፤ 356። ጁላይ 6 ጆርጅ ደብሊው ቡሽ፤ 327። ኦገስት 19 ቢል ክሊንተን፤ 311። በዕጣው ሦስቱም አልተጠሩም፤ ሦስቱም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትራምፕ አስቀድሞ በእግር አጥንት ሕመም በሚል በ1968 ታልፏል። ቡሽ የቴክሳስ አየር ናሽናል ጋርድ ውስጥ ነበር። ክሊንተን ማቆያውን፣ ማለትም ጥሪውን የሚያዘገይለትን ፈቃድ፣ ትቶ ዕጣው ውስጥ ገብቶ ነበር። በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው አል ጎር ማርች 31 ነው የተወለደው፤ 30 ደረሰው። እሱ ግን ከወራት በፊት፣ በኦገስት 1969፣ ራሱ ሄዶ ፈርሟል፤ ቬትናምም ሄዷል።

ይሄን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። ስለ ማሰሮው ብዙ ተጽፏል። ለኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ማሰሮው አይደለም፤ ከማሰሮው በፊት ያለው ነው። ዕጣው የተማሪን ማቆያ ወዲያው አላስቀረም። 2ኤስ ያለው ተማሪ ቁጥሩ 5 ቢሆንም እስኪመረቅ ይቆያል። ቁጥሩ 300 የሆነ ተማሪ ደግሞ በ1970 መጨረሻ ማቆያዬን ትቻለሁ ብሎ ይጽፋል። ለአንድ ቀን 1ኤ ይሆናል። ዓመቱ አለቀ፤ ተገላገለ። ሕጋዊ ነው፤ ግን ደንቡን ለሚያነብ ሰው የተሠራ በር ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ ይሄን ማን ይንገረው? የካርቶኑን ስህተት በሁለት ከበሮ ማረም ተችሏል። ይሄኛው ከበሮ አልነበረውም።

እኛ አገር ይሄ ዘመን በሁለት በር ገብቷል። አንዱ ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወደ 300 የሚሆኑ መምህራን በ1962 ኢትዮጵያ ገቡ፤ ጎጃም፣ ሐረር፣ ጅማ ተበተኑ። ወላጆቻችንን እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተማሩት እነዚህ ናቸው። ፒስ ኮር ውትድርናን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም ነበር። ስለዚህ ከነዚያ ወንድ መምህራን መካከል ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ልቡ ፖስታ ቤት የነበረ ብዙ ነው። ተማሪው አያውቅም። ተማሪው በበኩሉ በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለ ቬትናም መፈክር ይዞ አዲስ አበባ ላይ ይሰለፍ ነበር። ዕጣው በወጣበት በዚያው ዲሴምበር የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ።

ሌላው በር አስመራ ነው፤ ቃኘው ጣቢያ። እዚያ ይሠራ የነበረው በዋናነት የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጠለፋ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ ለመግባት አራት ዓመት መፈረም ያስፈልግ ነበር። ሁለት ዓመት ጫካ ወይስ አራት ዓመት ማዳመጫ ጆሮ ላይ? ብዙ ልጅ ማዳመጫውን መረጠ፤ ከነሱም በርካቶች አስመራ ደረሱ። የአስመራ ትዝታቸው ማኪያቶና ብስክሌት የሆነ የቬትናም ዘመን የቀድሞ ወታደሮች አሉ። ሲያወሩት ትንሽ ያፍራሉ። ለምን ያፍራሉ? ስሌቱን ያወጡት እነሱ አይደሉም።

የኛው ብሔራዊ ውትድርና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በኛው አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. አዋጅ። ከ18 እስከ 30 ዓመት፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ወረቀቱ ላይ ከአሜሪካው ብዙም አይርቅም። ዕጣ ግን አልነበረም። ኮታ ነበር፤ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር የሚሞሉት ኮታ። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ። የኛ የቀድሞ ወታደሮች «ቁጥርህ ስንት ነበር?» አይባባሉም። «ስንተኛ ዙር ነህ?» ነው የሚሉት። ከዚያ «የት ያዙህ?»። አንዱ ገበያ፣ አንዱ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ። ለዚህ ነው የአሜሪካኑ ቅሬታ አንዳንዴ ቅንጦት የሚመስለኝ። ወረቀቱ በደንብ አልተናጠም ብሎ መክሰስ እኮ መጀመሪያ ወረቀት ሲኖር ነው።

ግን ደግሞ ያልተናጠ ዕጣ ምን እንደሚያደርግ እኛም ቀምሰናል። በሜይ 2011 የዲቪ ውጤት ወጣ። ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ደርሶሃል ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተሰረዘ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነበር። ከተመረጡት 90 በመቶው ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። ከላይ ከላይ ያነሳል፤ ያው የዲሴምበር ነገር። ልዩነቱ ይሄኛው ተሰርዞ እንደገና መውጣቱ ነው። ደስታ ሲሆን ይሰረዛል።

የአሜሪካ የውትድርና ምዝገባ ዛሬም አለ። በፈረንጆቹ 1975 ቆሞ በ1980 ተመለሰ። አሜሪካ የሚኖር ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀው፣ ወረቀት የሌለው ሳይቀር። በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለውን ግን፣ እሱም ቪዛው እስካለ፣ አይመለከተውም። በዲቪ የገባ የሃያ ዓመት ልጅ ካለማወቅ ሳይመዘገብ ቢቀር ዜግነት ሲጠይቅ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ጥሪ ግን ከ1973 ወዲህ የለም። ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠሩት በዚያ ዓመት 20 የሚሞላቸው ናቸው። የሚለዩትም በልደት ቀን ዕጣ ነው።

የ1969ኙን ሠንጠረዥ መጀመሪያ ያገኘሁ ዕለት እንደማንኛውም ሰው የራሴን ቀን ፈለግሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ችግር አለ። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው ወሩንና ቀኑን ሲያጣ እንዲህ ይጽፋል። ክሊኒክ ወረፋ ላይ ሦስት ሐበሻ ሆነን ሦስታችንም ጃንዋሪ 1 ተወልደን ነርሷን ግራ ያጋባንበት ቀን አለ።

ጃንዋሪ 1፣ 305። አይጠራም። እናቴ ግን ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ እልልታው በር ላይ ሲደርስ ነው የተገላገልኩህ ትላለች። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው። ወደ ታች ወረድኩና አየሁት፤ 58።